የአጎቴ በርኖስ በጥቁርና ነጭ

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ዲጂታል ካሜራ በአካባቢያችን ገና ብርቅ የነበረበት ጊዜ ነው። ሰው የሚፈልገው ከጀርባው ፏፏቴና ጽጌረዳ የገባበት የከለር ፎቶ ነበር፤ እኔን ደግሞ የጥቁርና ነጭ አባዜ ያዘኝ። ለናሙና ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኳቸውን ፎቶዎች ያየ ሁሉ «እነዚህ ሰዎች ሞተው ነው?» ይለኛል። መጀመሪያ አስረዳ ነበር። በኋላ ሰለቸኝና ተውኩት።

በዚህ መሐል አጎቴ አስጠሩኝ። ሞላሌ አጠገብ የሚኖሩ ሸማኔ ናቸው፤ በሥራቸው ላይ ቀልድ አያውቁም። ለልጃቸው ባል የሚሰጥ በርኖስ ሠርተው ጨርሰው ነበርና፣ ሙሽራው ከመውሰዱ በፊት አንድ ጊዜ ለብሰውት ፎቶ መነሳት ፈለጉ። ቀለም ያልነካው የጥቁር በግ ጠጉር ነው።

«ይኼ በጥቁርና ነጭ ነው የሚያምረው፣ ጋሼ» አልኳቸው። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

ግቢያቸው ውስጥ በቀትር ፀሐይ አቆምኳቸውና አነሳሁ። ኮምፒውተሬ ላይ ስከፍተው በርኖሱ ቅርጽ የሌለው ጥቁር ጉድጓድ ሆኗል። ጥቁሩን ላፈካው ስል ከሥር የለበሱት ነጭ ጋቢ ክሩ ሁሉ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይመስላል። ጋቢውን ላድን ስል ፊታቸው ይጨልማል። ኮንትራስቱን፣ ማለትም በጥቁሩና በነጩ መሐል ያለውን ርቀት፣ ስቀንሰው ደግሞ አጎቴም በርኖሱም ግድግዳውም አመድ ይሆናሉ። ትንሽ ተሻለ ስል መብራት ይሄዳል፤ ሴቭ አላደረግኩትም። ይኼ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ደረሰብኝ።

የተሻለውን አትሜ ወሰድኩላቸው።

«የሠራሁት የት አለ?» አሉ።

«ይኸው፣ ለብሰውት።»

«ይኼማ የከሰል ጆንያ ነው! አንቺ ጥቁር ሁሉ አንድ ይመስልሻል? ነይ እዚህ።» እጄን ይዘው በርኖሱ ላይ አስቀመጡት። «ይኼ ከላይ ያለው የግልገል ጠጉር ነው። ታችኛው የእናቲቱ ነው፤ ፀሐይ የበላው፣ ወደ ቡናማ የሄደ። አታይም?»

አየሁ። እውነታቸውን ነው። እውነታቸውን መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ።

በማግስቱ ጠዋት ድጋሚ ሞከርኩ፤ ጉም ወርዶ ሁሉ ነገር አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነ። በዚያ ላይ አጎቴ አንድ ቦታ አይቆሙም። «በጎቹ ገብስ ውስጥ ገቡ» ብለው በርኖሱን እንደለበሱ ይሮጣሉ። ሲመለሱ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ አድርጌ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ብርሃኑ ከጎን ብቻ ይመጣል። ጋቢውንም አስወለቅኳቸው። ሚስታቸው ከምድጃው አጠገብ ሆነው «ሰው በገዛ ቤቱ በር ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል?» ይሉኛል።

ማታ ኮምፒውተሬ ላይ ቀለሙን በአንዴ ከማጥፋት ይልቅ እያንዳንዱ ቀለም ወደ ምን ያህል ግራጫ እንደሚለወጥ እየመረጥኩ ሞከርኩ። ቀዩን ከፍ፣ ሰማያዊውን ዝቅ ሳደርግ ቡናማው ጠጉር ከጥቁሩ ተለይቶ ብቅ አለ። የፊታቸውም መስመር እንዲሁ። ብቻዬን እልል አልኩ።

እልልታዬ ግን ፎቶውን በደንብ ለማሳጠብ ደብረ ብርሃን እስክደርስ ነበር። እዚያ ያጠበልኝ ሰው በርኖሱን ሐምራዊ፣ የአጎቴን ፊት ደግሞ እንደ ዱቄት ነጭ አድርጎ ሰጠኝ። «እንዲያምሩልሽ ትንሽ አቅልቻቸው ነው» አለ። አጠገቡ ቆሜ እንደገና አሳጠብኩት።

ፎቶውን ይዤ ስመለስ በርኖሱ ከሙሽራው ጋር ሄዷል። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ወደ ብርሃን አዞሩት። ምርቃት ስጠብቅ ጣታቸውን ፎቶው ላይ፣ ደረታቸው ጋ አሳረፉ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ማጉ እዚህ ጋ ሁለት ድር ዘሏል። አበላሽቼዋለሁ!» ከዚያ ፎቶውን መለሱልኝ። «አጥቁሪው።»

«ጋሼ! እንዳይጠቁር ሁለት ሳምንት ስታገል ከርሜ አሁን አጥቁሪው ይሉኛል?»

እምቢ አልኩ። እሳቸውም አልተኙም፤ በርኖሱን መልሱልኝ ብለው ወደ ሙሽራው ቤተሰብ ላኩ። እነዚያ ስጦታውን ሊነጥቁን ነው ብለው ተቀየሙ። ሙሽሪት፣ የአጎቴ ልጅ፣ እያለቀሰች ፎቶ ቤቴ መጣች። «ያንቺ ፎቶ ትዳሬን ሊያፈርሰው ነው» አለችኝ።

ሥራዬን ዘግቼ የሙሽራው አባት ቤት ሄድኩ። ፎቶውን በመስኮት ብርሃን አገላብጠው አዩና «የት ላይ ነው ጥፋቱ?» አሉ። አሳየኋቸው። አልታያቸውም። በርኖሱን አስመጥቼ ክሩን በጥፍሬ ነካሁላቸው። «ለዚች ነው?» አሉና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በርኖሱን እኔው ተሸክሜ መለስኩ።

አጎቴ በግማሽ ቀን አቃኑት። «አሁን አንሺኝ» አሉ። ሐምሌ ነው፤ ዝናብ ነው፤ በር ከፍቶ መቀመጥ አይታሰብም። መስከረም እስኪጠባ ይጠብቁ አልኳቸው። እየተነጫነጩ ጠበቁ፤ ሙሽራውም አብሯቸው ጠበቀ።

በመስከረም አነሳኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፊት አንስቼ አላውቅም፤ ከዓይናቸው ሥር ያለው ጥላ እንኳ ለስላሳ ነበር። ፎቶውን ተቀብለው ደረቱ ላይ ያለውን ክር ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከተሉት።

«አሁን ሆነ» አሉ።

«ፊትዎስ፣ ጋሼ?»

«ፊቴ ምን ሊያደርግልኝ ነው?» አሉና ሁለተኛ ኮፒ አዘዙኝ፤ ለሙሽራው አባት የሚላክ።