የድሮው ወይስ የአሁኑ

አባቴና የቅርብ ጓደኛው በሌላ ነገር ሲጣሉ አይቼ አላውቅም፤ የሚጨቃጨቁት በቅርጫት ኳስ ብቻ ነበር። በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ከተጫወቱት ሁሉ ማን ይበልጣል? አባቴ የድሮውን ይላል፣ በወጣትነቱ በውሰት የቪዲዮ ካሴት እየደጋገመ ያየውን። ጓደኛው ደግሞ የአሁኑን ይላሉ። የተጫዋቾቹን ስም እዚህ አልጽፍም። ጨዋታውን የሚከታተል ሰው እነማንን እንደምል ወዲያው ይገባዋል፤ ለማይከታተለውም «የድሮው» እና «የአሁኑ» ማለቱ ይበቃል።

አባቴ ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር ነው። ጓደኛው የወሎ ሰው ናቸው፤ አዲስ አበባ ቡልጋሪያ ሰፈር አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። የተዋወቁት በጎረምሳነታቸው፣ አንድ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ በተቃራኒ ቡድን ሲጫወቱ ነው። አባቴ ረጅም፣ እሳቸው አጭርና ፈጣን። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ካዛንቺስ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ማኪያቷቸው እስኪቀዘቅዝ ይከራከራሉ።

«አቦ ተወኝ እስቲ! ያንተው ሰውዬ ኳስ ማቀበል ያውቃል?» ይላሉ ጓደኛው።

«ራሱ የሚያገባውን ለምን ያቀብላል?»

እኔ በልጅነቴ አጠገባቸው ተቀምጬ ኬኬን እየበላሁ አሁንስ ተደባደቡ እል ነበር። ሒሳብ ከፍለው ሲነሱ ግን ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ነው የሚሄዱት።

ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ካፌውም ፈረሰ፣ የጓደኛው ቤትም ፈረሰ። እሳቸው ከተማው ዳር ሄደው መኖር ጀመሩ። ክርክሩ ወደ ስልክ ዞረ። አባቴ ቂርቆስ ባለው ኮንዶሚኒየማችን ኮሪደር ላይ እየተንጎራደደ ሲጮህ የሰሙ ጎረቤቶች «ደኅና ናችሁ?» ብለው በር ያንኳኩብኝ ነበር።

አንድ ጠዋት አባቴ የጫማውን ክር እያሰረ ሳለ ወደ ቀኝ ዘመም አለ። ስትሮክ ነው አሉን። ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ እጁ ዝሏል፣ ምላሱ ተሳስሯል። የምንለው ሁሉ ይገባዋል፤ መልሱ ግን አፉ ላይ ደርሶ ይቀራል። «እሱ… እሱ…» ይልና በግራ እጁ ጉልበቱን ይመታል። ጠያቂዎቹ ደግሞ እንደ ሕፃን ያናግሩት ጀመር። «ጎበዝ! ምሳህን ጨረስክ? አንበሳ!» ይሉታል። ዕድሜውን በሙሉ ሜዳ ላይ ፊሽካ ነፍቶ ስንቱን ጎረምሳ ሲያሯሩጥ የኖረ ሰው ነው። ፊቱን ያዞራል።

ጓደኛው በየዓርቡ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሱቃቸውን ዘግተው ይመጡ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን እንደሚያወሩ ጨነቃቸው። እጁን ይዘው «አብሽር፣ አብሽር» ይሉትና ሁለቱም ቴሌቪዥኑ ላይ ያፈጣሉ። አንድ ዓርብ ግን ወንበራቸውን ወደ አልጋው አስጠጉ።

«ስማኝማ» አሉት። «አስቤበታለሁ። ልክ ነበርክ። ያንተው ይበልጣል። በቃ፣ ተሸንፌያለሁ።»

ይደሰታል ብዬ ነበር። አባቴ ግን ጓደኛውን ትክ ብሎ አያቸው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ትከሻውም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከታመመ ጀምሮ ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ጓደኛው ደንግጠው ተከትለውኝ ወጥ ቤት ገቡ።

«ምን አጠፋሁ፣ ልጄ?»

«ጋሼ፣ ለምን ተሸነፉለት?»

«አንጀቴን በላኝ። እንዲህ ተኝቶ ሳየው… ማለቴ፣ ደስ ይበለው ብዬ ነው።»

«እሱን አውቆብዎታል» አልኳቸው። «ሰው ሁሉ አዝኖለታል። እርስዎም ሲያዝኑለት ምን ቀረው?»

በሶላት ኮፍያቸው ዓይናቸውን ጠረጉና ደኅና ዋሉ እንኳን ሳይሉ ወጡ። ቃሌ በዛ ይሆን ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ተጨነቅሁ።

በሚቀጥለው ዓርብ መጡ። ጫማቸውን በር ላይ ሳያወልቁ ጀምረው ነበር።

«ያለፈውን ሰርዘው! ያን ቀን አሞኝ ነው። ያንተው ሰውዬ ወላሂ በግራ እጁ ኳስ ማንጠር እንኳን አይችልም ነበር። በአሁኑ ጊዜ ቢሆን ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበር የሚያረጀው!»

አባቴ ፊቱ ቀላ። በግራ ክንዱ ተደግፎ ከትራሱ ቀና አለ። ልከለክላቸው አንድ እግሬን አንስቼ ነበር።

«ው… ውሸት!» አለ አባቴ። «ውሸታም!»

ጥርት ያለ ቃል ነበር። ከዚያ ጓደኛው «አልሐምዱሊላህ፣ ሰደበኝ!» ብለው እየሳቁ ተነሡና ግንባሩን ሳሙት። አባቴም ባልታመመው የፊቱ ጎን ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ የክርክር ቀን ሆነ። የንግግር ሕክምና የምትሰጠው ሴት የፍራፍሬ ሥዕል እያሳየች «ይህ ምንድን ነው?» ስትለው ሙዝና ብርቱካን አልወጣ እያለው ያኮርፍ ነበር፤ ዓርብ ላይ ግን «መከላከል»፣ «ፍጻሜ»፣ «አትቀልድ» የሚሉት ቃላት እየተንጠባጠቡ መውጣት ጀመሩ። ይህን ስነግራት ሳቀችና ሥዕሎቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ እሷም የአሁኑን ደግፋ ትከራከረው ጀመር። ሁሉም አልተመለሰለትም። ቀኝ እጁ ዛሬም ሸሚዙን አይቆልፍም፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር መሃሉ ላይ ይጠፋዋል።

ባለፈው ወር አባቴ በከዘራ እየተደገፈ ኦሎምፒያ ድረስ ሄድን። ጓደኛው ቀድመው ካፌ ተቀምጠው ነበርና ገና ሳንቀመጥ ተጀመረ። አጠገባችን ባለው ጠረጴዛ የቢሮ ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰውዬ ሲያዳምጥ ቆይቶ «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» አለ። ይበልጣል ብሎ የጠራው ሦስተኛ ተጫዋች ነበር፤ ገና በመጫወት ላይ ያለ ወጣት።

አባቴና ጓደኛው ተያዩ፤ በአንድነትም ዘመቱበት። አባቴ አንዱን ነጥብ ሊያስረዳ ጀምሮ ቃሉ ጠፋው። ሰውዬው ስኒውን አስቀምጦ ጠበቀው፤ አልረዳውም፣ አልቸኮለም። አባቴም ታግሎ ታግሎ ጨረሰ።

«አይ ጋሼ» አለ ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ፣ «በዚህስ ፈጽሞ አልስማማም።»

አባቴ ከዘራውን ወንበሩ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ሰውዬው ዞሮ ተመቻቸ። ወደ ቤት እንድንመለስ አንድ ሰዓት ያህል ለመንኩት።