ያላለቀ ዳማ

ከስደት ወደ ሐይቅ ከተማ ስንመለስ ቤታችን ተዘርፎ አገኘነው። ቴሌቪዥኑን ወስደው፣ ከአሮጌ ዕቃ ለልጄ ለናቲ የገጣጠምኩለትን ኮምፒዩተር ግን ንቀው ትተውታል። ሳጥኑ ጣውላ ነው፤ የሚሠራውም በዊንዶውስ 98 ነው። ናቲ ዳማ ይጫወትበት ነበር። ናቲ አብሮን አልተመለሰም፤ በስደት ላይ ታሞ ሞተብን።

ኮምፒዩተሩን ማየት ስላቃተኝ አንድ ቀን ብሎኖቹን መፍታት ጀመርኩ። ጎረቤታችን ዓሣ አጥማጁ ጋሽ ሰይድ መረባቸውን እንደተሸከሙ በሩ ላይ ቆሙ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ልበታትነው ነው፣ ጋሼ።»

«ኧረ ተው! ያላለቀ ዳማ ይበተናል እንዴ? ጨዋታ አለብኝ!»

ሐዘን ቤት መጥተው የሚቀልዱ መሰለኝ።

«ከማን ጋር?»

«ከናቲ ጋር ነዋ! አንተ ሥራ ስትውል እኔን ነበር የሚጠራኝ። ወላሂ፣ አንድ ቀን እንኳ አሸንፌው አላውቅም። የሸሻችሁ ለት ጨዋታውን ጀምረን ነበር። ‹ተራው የርስዎ ነው፤ እስክመለስ ያስቡበት› ብሎኝ ሄደ።»

ብሎኖቹን መልሼ አጠበቅኩና ኮምፒዩተሩን አበራሁት። እያጓራ ቀስ ብሎ ተነሣ። ዳማውን ስከፍተው ጨዋታው ናቲ እንዳስቀመጠው አለ።

ጋሽ ሰይድ እርጥብ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ማውሱን ያዙ። ብዙ አሰቡ። ከዚያ አንዲት ጠጠር ብቻ ገፉና መረባቸውን አንሥተው ተነሡ።

«አብሽር» አሉኝ። «እንግዲህ እንዳትነካው። ተራው የሱ ነው።»