ስም የማይጠየቅበት ቤት

ይቅር በይው ይሉኛል። ብዬዋለሁ፤ በአፌ ብዬዋለሁ። ግን የዚያ ሰውዬ ነገር ሲነሳ ድምፄ ይወጣል፣ ልጆቼም «እማዬ፣ ቀስ በይ» ይሉኛል። ቀስ አልልም። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ቀስ ብያለሁ፤ እሱም ይበቃኛል።

ዘመኑ የጃንሆይ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ እኛ ኮልፌ ነበርን። አባቴ ከደቡብ ምዕራብ ማርና ኮረሪማ እያመጣ የሚነግድ ሰው ነበር። እሱ ሲሞት እናቴ የስፌት መኪናዋን በረንዳ ላይ አውጥታ የሰፈሩን ሴቶች ቀሚስ እየሰፋች አሳደገችን። እኔ የመጀመሪያ ልጇ ነኝ፤ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ምላሴ ከድሮም ስለታም ነው።

ሰፈርተኛው «ጴንጤ» እያለ ይሰድበን ነበር። መንግሥት ደግሞ ፈቃድ የላችሁም ብሎ በግልጽ እንዳንሰበሰብ ከለከለን። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጠና በሚሸጥ አንድ ወንድም ቤት እንሰበሰብ ነበር። ቅዳሜ የተመረጠው አጠና የሚጭኑት ሰዎች ጩኸትና የመጋዙ ድምፅ ዝማሬያችንን ስለሚሸፍንልን ነው። ገዢ መስለን አንድ በአንድ እንገባለን። ጫማ በር ላይ አይተውም፤ የጫማ ክምር ያየ ፖሊስ ጉባኤ እንዳለ ያውቃላ! ሁሉም ጫማውን በጆንያ ከቶ አልጋ ሥር ይሸጉጣል።

ባለ አጠናው አንድ ጊዜ ተይዞ ውስጥ እግሩን ተገርፏል። የሰዎችህን ስም ተናገር ሲሉት ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ። ከተፈታ በኋላ ግን፣ «በሚቀጥለው ላልችል እችላለሁ» ብሎ ሕግ አወጣልን። ስም አይጠየቅም፤ ከየት መጣህም አይባልም። የመግቢያዋን ቃል ያወቀ ወንድም ነው፣ እህት ናት፣ አለቀ። የማታውቀውን ስም ደግሞ ተገርፈህም አታወጣም። ጎበዝ ሕግ ነበር፣ አልክድም። ግን አጥራችን ሁሉ የተሠራው ለፖሊስ ነው፤ ተኩላ በበሩ ሲመጣ ማን ነህ የሚለው አልነበረም።

እናቴ ሥጋ ደዌ ነበረባት። ግራ ክንዷ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ወጥቶ፣ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ሄዳ፣ ጊዜ ሳይረፍድ ስለመጣሽ ክኒንሽን ሳታቋርጪ ከዋጥሽ ምንም አትሆኚም ተባለች። ትውጥ ነበር። ማንም እንዳያያት አንድ ፌርማታ ቀድማ ወርዳ የቀረውን በእግሯ ትሄዳለች፤ ሆስፒታሉ በር ላይ የሚወርድ ሰው እንዴት እንደሚታይ የዚያን ጊዜ ሰው ያውቀዋል። ቀሚሱን በቆማጣ እጅ የሚያሰፋ ማን አለ? ስለዚህ ምስጢሩን እሷና እኔ ብቻ ነበርን የምናውቀው።

ሰውየው ከመስቀል በኋላ በአንድ ረቡዕ መጣ። ቃሏን ያውቃል። ቡናማ ኮት ለብሷል፣ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል፣ ነቢይ ነኝ፣ ስለ ወንጌል ታስሬ ነው የወጣሁት ይላል። የት እንደታሰረ የጠየቀው የለም፤ አይጠየቅማ! ባለ አጠናውና ሚስቱ አልጋቸውን ለቀውለት መሬት ተኙ። ያሏቸውን ዶሮዎች በየተራ ይበላ ጀመር፤ የነቢይ ሆድ ጾም አያውቅም መሰለኝ።

በማግሥቱ ሐሙስ እናቴ ለባለ አጠናው ሚስት ሕመሟን አጫወተቻት። ሆዷ ባብቶ ነው፣ ጸሎት ፈልጋ። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ሰውየው መሃላችን ቆሞ ዓይኑን ጨፈነና እጁን ዘረጋ። «እዚህ አንዲት እናት አለች» አለ። «ግራ ክንዷ ላይ ነጣ ያለ ምልክት አለ። መርፌ ቢወጋው አይሰማትም። ይህን ለማንም አልነገረችም። እግዚአብሔር ዛሬ ፈውሼሻለሁ ይላል።»

ለማንም! ከትናንት ወዲያ ለሚስትየዋ ስትነግራት የሰማሁ እኔ ነኝ። እሱ ደግሞ በዚያች ሴት እጅ ነው የሚበላው። ሁለትና ሁለት ለመደመር ነቢይ መሆን አያስፈልግም። በዚያችው ደቂቃ አወቅኩት። እናቴ ወደቀች፣ አለቀሰች፤ ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። እኔም አየኋት። ዝም አልኩ።

ሕጉ ከልክሎኝ ነው እያልኩ ለስንት ዓመት አውርቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ይህ ነው፤ በዚያ ሰሞን ሽማግሌ ሊልክብኝ ያሰበ ልጅ ነበር። የእናቴ በሽታ ከተሰማ በደጃችን የሚያልፍ ሽማግሌ እንደሌለ አውቃለሁ። ድናለች ከተባለ ግን ድናለች። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ውሸቱ ጣፈጠኝ። ራሴን የምረግመው በዚህ ነው።

ሰውየው በሚቀጥለው ቅዳሜ ትምህርቱን ጨመረ። የተፈወሰ ሰው ክኒን ከዋጠ እግዚአብሔርን ውሸታም ማለቱ ነው አለ። እናቴ ቤት እንደገባች ብልቃጧን ይዛ ወደ ሽንት ቤት ሄደች። ተከትያት ወጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «እማዬ፣ ተይ» ማለት ሁለት ቃል ነው። አልወጣኝም።

ከዚያ ወዲያ ዘነበወርቅ መሄድ ቀረ። ሰውየው ከቤት ቤት እየዞረ ሲቀለብ ከረመ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከእኛ አይጠፋም። መጽሐፍ ቅዱስ በእጁ ይዞ ያስተምራል፤ ከፍቶ ሲያነብ ግን አላየሁትም። እንኳን እኔ፣ የጉባኤው ሽማግሌዎችም አላዩትም፤ ግን ማን ይናገር? የመጣውን መጠየቅ እንደ ኃጢአት ተቆጥሮ፣ መርምሩ የሚለውን ቃል እንደሌለ አድርገን አለፍነው።

ፋሲካ ሲቃረብ የሚሰፋው ቀሚስ ክምር ሆነ። አንድ ቀን ከጓሮ ውሃ ይዤ ስገባ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። እናቴ በቀኝ እጇ የከሰሉን ካውያ ይዛ ትተኩሳለች፣ እየዘመረች። ግራ እጇ ጨርቁን ዘርግቶ ይዟል። የካውያው ጠርዝ ትንሿ ጣቷና የቀለበት ጣቷ ላይ ተደግፎ ቆዳዋ ይጨሳል፤ እሷ ትዘምራለች።

ጮኼ ካውያውን ገፈተርኩት። ጣቷን አየችው፣ አገላበጠችው፣ ከዚያ ፊቷ በራ። በራ እላችኋለሁ!

«አየሽ! አላመመኝም። እሳት እንኳ አልነካኝም። ተፈውሻለሁ ስል አላመንሽኝም ነበር» አለችኝ።

ሥጋዋ ደንዝዞ፣ በሽታው እጇን እየበላ፣ መደንዘዙን ፈውስ አደረገችው። ሆስፒታል ሂጂ ብላት እምቢ አለች፤ ቅዳሜ ልመሰክር ነው አለች።

ቅዳሜ ጣቷን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ቆማ መሰከረች። ሰውየው እጇን ይዞ ወደ ላይ አነሳው። «እቶን ውስጥ የገቡትን ሦስቱን ልጆች እሳት አልነካቸውም፤ ይህችንም እናት አልነካትም!» አለ። ሰው ሁሉ ድምፁን አፍኖ እልል አለ። በጨርቁ ላይ ቢጫ መግል ወጥቶ እያየሁት እልል ተባለ።

ያን ጊዜ ተነሳሁ።

«ስምዎ ማን ነው?» አልኩት።

ባለ አጠናው «ቁጭ በይ አንቺ ልጅ!» አለኝ።

«አልቀመጥም። ስምዎ ማን ነው? የት ነው የታሰሩት? ከየትኛው ጉባኤ ነው የመጡት? የሚያውቅዎ አንድ ሰው ይጥሩልን።»

ሰውየው አልደነገጠም፤ ለምዶታል። «ይህች ልጅ ስም የምትለቅመው ለማን ነው? ማን ልኳት ነው?» አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። ይህን ሲል ሰዉ ጆንያው ላይ ተረባረበ። አብረውኝ ያደጉ ሰዎች፣ አብረውኝ የጾሙ፣ ሰላይ አድርገውኝ ጫማቸውን ይፈልጉ ጀመር። ያ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ወደ ባለ አጠናው ሚስት ዞርኩ። «እትዬ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብዎ፣ የእማዬን ክንድ ነገር ለእሳቸው ነግረዋቸዋል ወይስ አልነገሩም?»

ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ጸልዩላት ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም» አለች። «ሐሙስ ራት ሳቀርብላቸው ነው የነገርኳቸው።»

ጫማ ይዞ የነበረው ሁሉ እንደያዘ ቀረ። ሰውየው ኮቱን አነሳ፣ «እምነት በሌለበት ቤት እግዚአብሔር አይሠራም» ብሎ ወጣ። ያስቆመው የለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለ ሌላ ቤት የሌላ ሰው ራስ ምታት «እንደታየው» ሰማን።

ባለ አጠናው በሚቀጥለው ቅዳሜ ሕጉን ሻረ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ይምጣ ማን፣ የሚያስተምረው ከመጽሐፉ ጋር ሳይመዘን አፉን አይከፍትም፤ የሚመሰክርለት ሰው የሌለውም እንደ እንግዳ በልቶ ይሄዳል እንጂ መድረክ አይሰጠውም አለ። አለቀሰም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ! ይህንን ፊት ለፊቱ ተናገርኩት፤ አልተቆጣኝም።

እናቴን ሰኞ ዘነበወርቅ ወሰድኳት። ነርሷ ጨርቁን ፈትታ ክኒኑን ለምን እንዳቋረጠች ስትጠይቃት «ረሳሁት» አለች። ጉባኤውን ላለማዋረድ ነው። «አልረሳችም፤ ጣይው ተብላ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ነርሷ አንገቷን ነቀነቀች፤ እናቴ የመጀመሪያዋ አልነበረችም ማለት ነው። ሐኪሙ ሁለቱ ጣቶች እንደማይተርፉ፣ የቀሩትም ታጥፈው እንደሚቀሩ፣ ክኒኑ ከእንግዲህ የሚያድነው ያልተነካውን ብቻ እንደሆነ ነገረን። ጨርቅ የምትመራው በዚያ እጅ ነበር።

አምላኬን በዚህ አልጠላሁም። እናቴን ክኒን ያስጣላት እሱ አይደለም፤ በስሙ የነገደ ሰው ነው፣ የሚነግደውን ያልጠየቅን እኛ ነን።

ስንመለስ አንድ ፌርማታ አልፈን አልሄድንም፤ እዚያው ሆስፒታሉ በር ላይ አውቶቡስ ጠበቅን። እሷ ናት እዚህ እንቁም ያለችው። እዚያው ቆመን ጠየቀችኝ።

«ሴትዮዋ ለሰውየው መንገሯን መቼ ነው ያወቅሽው?»

ልዋሻት አልቻልኩም። «የመጀመሪያው ቀን» አልኳት።

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የታሰረውን እጇን በደህናው እጇ ደግፋ መንገዱን እያየች፣

«እኔ እኮ ያን ቀን አንቺን ነው ያየሁት» አለች። «ይህች ልጅ ውሸት ሰምታ የማታልፍ ናት፣ እሷ ዝም ካለችማ እውነት ነው ብዬ ነው ያመንኩት።»