«ለሠርግ ነው» ያልኳት ቀይ መኪና

«ስትሸጪያት ስንት ታወጣለች?»

ደላላው ሸምሱ ይህን ከጠየቀኝ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ሸማ ተራ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ነጠላና ጋቢ ሸጫለሁ። ጋቢ በሁለት ጣቴ ዳስሼ ድሩ ምን ያህል እንደጠበቀ፣ ለፋሲካ ስንት እንደሚያወጣ እናገራለሁ፤ ብዙም አልሳሳትም። የዚያችን መኪና ዋጋ ግን መናገር አልችልም። ባለፈው ሳምንት እንኳ ሸምሱ ገዢ አስከትሎ ሱቄ ድረስ መጥቶ ነበር። እንደ ልማዴ ሻይ ጋብዤ ሸኘኋቸው።

የምጽፈው ገጠመኝ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ በጎረቤቴ ልጅ ሠርግ ቀን ነው። ያን ቀን ለዓመታት የደበቅሁት ውሸት ሰው ፊት ወጣ። አፍሬ መሬት የምገባ መስሎኝ ነበር፤ አልገባሁም። የማይረሳኝም ለዚህ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ቀን ሱቅ፣ ማታ ትምህርት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ ሠላሳ ዘጠኝ ሞልቶኝ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያገኘውን ሁሉ ያነባል። እኔ የመድኃኒት ወረቀት ሳይቀር ከላይ እስከ ታች ነው የማነበው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከአዟሪ የገዛኋቸውን አሮጌ መጽሔቶች አገላብጣለሁ። ከእነሱ በአንዱ ላይ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት ትንሽዬ ቀይ መኪና ስትነዳ አየሁ። ከጎኗ ሰው የለም። ከኋላዋ ዕቃ የለም። ወዴት እንደምትሄድ ከፎቶው ሥር አልተጻፈም። ያን ገጽ ደንበኛ እስኪጠራኝ ድረስ አየሁት። እኛ ዘንድ መኪና ማለት የሚጭን ነገር ነው፤ ምንም የማይጭን መኪና ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ለማንም ሳልናገር መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። የጽሑፍ ፈተናውን አንድም ጥያቄ ሳልስት ነው ያለፍኩት፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል።

በአርባ አራት ዓመቴ እቁብ ወጣልኝና ሸምሱ ዘንድ ሄድኩ። አውቶቡስ ተራ አካባቢ የታወቀ የመኪና ደላላ ነው፤ አፉ አያርፍም፣ ልቡ ግን ቀና ነው። አሮጌ የስፖርት መኪና እፈልጋለሁ ስለው መጀመሪያ ሳቀ። ትክ ብዬ ሳየው ሳቁን ተወና ጋሼ ተካ የሚባሉ ጡረተኛ ግቢ ይዞኝ ሄደ። መኪናዋ ግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሸራው ሲነሳ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለች፣ ሁለት በርና ሁለት መቀመጫ ብቻ ያላት ቀይ መኪና ሆነች። ቀለሟ ደብዝዟል። ልቤ ግን መታ።

ሸምሱ ጆሮዬ ሥር መጣ። «እህቴ፣ እኔ አንቺን መብላት አልፈልግም። ይቺ መሸጫ የላትም። ሁለት ሰው ናት። ዕቃ አትጭን፣ ቤተሰብ አትጭን፣ ጉድጓድ አትችል። ስትሸጪያት ስንት ታወጣለች? አስበሽዋል? አንድ ደህና የቤት መኪና ግዢና አምስት ዓመት ነድተሽ በትርፍ ሽጪ።»

ያለው እውነት ነው። መርካቶ ሰው የሚገዛው መሸጫውን እያየ ነው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የገዛሁት እንደዚያ ነው።

«ለመሆኑ ለምን ፈለግሻት?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። «ልጫወትባት» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ነጠላ ነጋዴ፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት፣ የእቁብ ብሯን በጨዋታ ስትበትን ሸማ ተራ ምን ይላታል?

«ለሠርግ» አልኩት። «አከራያታለሁ።»

«ኧረ አንቺ ሴት!» ብሎ ጭኑን መታ። «እኔ ደላላው እንዴት አላሰብኩትም? ሙሽራ ይራኮትባታል!»

ጋሼ ተካን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው፤ የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ። ገብተው በፌስታል የተጠቀለለ መጽሐፍ ይዘው ወጡ። «ልጄ፣ የመጣው ሁሉ የሚጠይቀኝ ቤንዚን ትበላለች ወይ ብሎ ነው» አሉኝ። «መጽሐፏን የጠየቀኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።» ዋጋውም ላይ ብዙ አልተከራከሩኝም።

መጽሐፉን በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ሦስት ጊዜ ጨረስኩት። መኪናዋ ከመንቀሳቀሷ በፊት ሞተሯ ሁለት ደቂቃ መሞቅ አለበት ይላል፤ ሰዓቴን እያየሁ ሁለት ደቂቃ አሞቃታለሁ። ጎማውን በየስንት ጊዜው ማየት እንዳለብኝ ይላል፤ በዚያው ጊዜ አያለሁ። የግራ መስታወቷ መያዣ ሲሰበር መጽሐፉን ይዤ ምን አለሽ ተራ ወረድኩና አንዱን ብረት ቀጥቃጭ ሥዕሉን አሳየሁት። ከሚሠራው ምድጃ ቀና ብሎ «እትዬ፣ እኔ ማንበብ አልችልም» አለኝ። «አንተ ሥራ፣ እኔ አነባለሁ» አልኩት። ሦስት ጊዜ አስፈርሼ በአራተኛው ልክ አስመጣሁት። እስከ ዛሬ አልላላም።

የኔ ቀን እሑድ ነው። እሑድ ጠዋት መርካቶ መርካቶ አይመስልም፤ ሱቁ ዝግ፣ መንገዱ ባዶ። ገና ሰው ሳይበዛ እወጣና በሆለታ መንገድ ሽቅብ እነዳለሁ። አጠገቤ ያለው መቀመጫ ላይ መጽሐፌ አለ። ደስ ያለኝ ቦታ አቆምና ሃያ ገጽ አንብቤ እመለሳለሁ። ይኸው ነው። ሌላ ነገር የለውም። ይህንን ነው ለሰው መናገር ያቃተኝ።

«አስኒ፣ የሠርጓ መኪና ሥራ አገኘች?» ይሉኛል የሱቅ ጎረቤቶቼ።

«አለ፣ አለ» እላለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሦስት ዓመት ቆየሁ። ጥር ሲገባ እትዬ ሙሉ ሱቄ መጣች። እትዬ ሙሉ ከጎኔ ጥበብ ቀሚስ የምትሸጥ፣ ከኔ ጠና ያለች ሴት ናት። ማታ ትምህርት እንዳይረፍድብኝ በሮጥኩባቸው ዓመታት ሁሉ ሱቄን የምትዘጋልኝ እሷ ነበረች። ቁልፌን ጠዋት ስትሰጠኝ አንድም ቀን አላጉረመረመችም።

«ቤዛዬን ልድራት ነው» አለችኝ። «ካላንቺ መኪና አልሄድም ብላለች። ኪራዩን እንከፍላለን።»

«ምን ኪራይ አለ በኛ መሃል?» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሠርጉ እሑድ ዋለ። ጎህ ሲቀድ መኪናዋን አጥቤ፣ ወልውዬ፣ ሰው ሳያየኝ እትዬ ሙሉ በር ላይ አቆምኳትና ገብቼ ከሴቶቹ ተቀላቀልኩ። ሾፌር ያመጣት መስሏቸዋል፤ ማንም አልጠየቀኝም። አበባ ለጣፊዎቹ አስጌጧት። ቀለሙን እንዳይልጡ ግን እላያቸው ላይ ቆሜ ነው ያሠራኋቸው።

ሙሽራው ዳዊት ከሚዜዎቹ ጋር መጣ፤ ተጨፈረ፤ ተመረቁ፤ ወጡ። ቪዲዮ ቀራጩ ወደ ኋላ እየሄደ ይቀርጻል። ቤዛ ቬሏን ሰብስባ ገባች። ዳዊት ዞሮ ሊገባ በሩን ከፈተና ቆመ። መሪው ፊቱ ነው።

«ሾፌሩ የት ነው የሚቀመጠው?» አለ።

እልልታው ቀስ እያለ ቀነሰ። አንዱ ሚዜ ጎንበስ ብሎ ኋላ መቀመጫ ፈለገ። ሌላውም ጎንበስ አለ። የለም። ሁለት መቀመጫ፣ ሁለት ሙሽራ፣ ሾፌር የለም።

«እህቴ!» አለ ሸምሱ ከሰው መሃል፤ እሱም ተጠርቶ ነበር። «ሁለት ሰው ናት ብዬሽ ነበር እኮ!»

«ለሠርግ ነው ስልህ አንተስ አስበኸዋል?» አልኩት። ሰው ሳቀ፤ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። የጥለት ክር ቆጥሬ የምረከብ ሴት ይህንን እንዴት አላየሁም? መልሱን ወዲያው አወቅሁት። ያቺን መኪና ሰው ይዛ አስቤያት አላውቅም። በልቤ ያላት መቀመጫ አንድ ብቻ ነበር።

«ሙሽራው ይንዳ!» አለ አንዱ።

«መንጃ ፈቃድ የለኝም» አለ ዳዊት አንገቱን ደፍቶ።

«እኔ ልንዳና እሱ ከኋላ ይምጣ» አለ ዋናው ሚዜ።

«ልጄን ለሚዜ ነው እንዴ የዳርኳት?» ብላ እትዬ ሙሉ ወገቧን ያዘች። «ደግሞስ በማርሽ ትነዳለህ?»

ሚዜው ማርሿን አየና ወደ ኋላ አለ። አውቶማቲክ ነው የለመደው።

ቤዛ ከውስጥ ድምጿን ከፍ አደረገች። «እኔ ከዚህ አልወርድም። እትዬ አስኒ ትንዳኝ።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሐበሻ ቀሚስ ለብሼ ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜያለሁ።

«አስኒ?» አለች እትዬ ሙሉ። «አስኒ መኪና ትነዳለች እንዴ? ለመሆኑ ይቺን መኪና ማን አመጣት?»

ብዋሽ እችል ነበር። ቁልፉ መዳፌ ውስጥ ነው፤ ሞቋል።

«እኔ» አልኩ።

ዞሬ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ሞተር አስነሳሁ። ዳዊት ከሚዜዎቹ ጋር ከኋላችን ባለው መኪና ሊሳፈር ሮጠ። ክላክሱ ቀለጠ። እኔ ግን አልተንቀሳቀስኩም።

«ምንድን ነው የምንጠብቀው?» አለ ሸምሱ በመስኮት።

«ሞተሩ እስኪሞቅ ነው። መጽሐፏ ሁለት ደቂቃ ይላል።»

«ሰምታችኋል?» ብሎ ወደ ሰዉ ዞረ። «መጽሐፏ ሁለት ደቂቃ ይላል! ጠብቁ!» ሠርገኛው ሁሉ ሁለት ደቂቃ ጠበቀኝ።

ከእትዬ ሙሉ በር ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው ኮብልስቶን ዳገት ነው። ፍሪሲዮኗ ከባድ ነው፤ ትንሽ ከቸኮሉ ትጠፋለች። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ያየኛል። ቀስ ብዬ ለቀቅሁ። አልጠፋችም፤ አልተንቀጠቀጠችም። ዳገቱን እንደ እሑዱ ሁሉ ወጣችው። ከኋላዬ የእትዬ ሙሉ እልልታ ከሁሉም በላይ ተሰማኝ።

ዋናው መንገድ ስንደርስ ቤዛ ቬሏን ከፊቷ ገለጠች።

«እትዬ አስኒ፣ እስካሁን ለስንት ሠርግ አከራየሻት?»

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። ዳዊት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እያውለበለበ ይከተለናል።

«ለአንድም» አልኩ።

«አውቃለሁ። እሑድ ጠዋት ከኪዳን ስመለስ ስትነጂያት አይሽ ነበር። መስኮቱን ከፍተሽ፣ ነጠላሽን አንገትሽ ላይ ጠምጥመሽ። ለዚህ ነው ይቺን መኪና የፈለግሁት።»

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም። አንቺ እስክትነግሪን ነው የጠበቅሁት።»

አንድ መብራት ላይ ቆምን። የእግረኛ መንገዱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ መኪናዋን፣ ከዚያ ሙሽራዋን፣ ከዚያ መሪ የያዘችውን ባለነጠላ ሴት ያያል። ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

«ለሠርግ አይደለም የገዛኋት» አልኳት። «ለራሴ ነው። ለፍቼ ባገኘሁት ብር፣ ልጫወትባት ገዛኋት። ስሸጣት ስንት እንደምታወጣ አላውቅም፤ ስሸጣትም ታይቶኝ አያውቅም።»

ከሦስት ዓመት በኋላ ከአፌ የወጣው ያ ብቻ ነው።

ቤዛ አልሳቀችብኝም። የቀሚሷን ጫፍ ከማርሹ ሰበሰበችልኝ፤ ቀበቶዋን አጠበቀች።

«እሺ» አለች። «እሑድ እሑድ እንዴት ነው የምትነጂያት?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

«እንዲህ» አልኳትና ማርሽ አስገባሁ።