እትዬ ካቴና እና የመሳቢያው መድኃኒት

ጥርስ ክሊኒኩ ውስጥ የሥራ መደቧ «ረዳት» ይባላል፤ ሰፈርተኛው ግን እትዬ ካቴና ነው የሚላት። አልዋሸም። ሐኪሙ ጉጠቱን ሲያነሳ የበሽተኛውን ግንባር በአንድ ክንዷ፣ እጆቹን በሌላው ጥፍንግ አድርጋ ትይዛለች። እንዲህ ስትይዝ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለው ሲቀልዱባት፣ «ብለቅማ ስንቱ ምላሱን እዚህ ጥሎ ይሄድ ነበር!» ትላለች። በሙያዋ ትኮራ ነበር፣ ምን ይደረግ።

የገዛ ልጇንም ይዛለች። ልጅቷ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው፤ መንጋጋዋ መግል ቋጥሮ የድድ ማደንዘዣው እምቢ አለ። «እማዬ ልቀቂኝ! እማዬ!» እያለች ስትጮህ፣ ሐኪሙ «ሌላ መላ የለም፣ ጠበቅ አድርጊያት!» አለ። እናት ዓይኗን ጨፍና ጠበቅ አደረገች። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ፀጉሯን እንኳ እናቷ እንድትነካባት አትፈልግም። ይኸው ሃያ ሞላት፤ ሰሞኑን ደግሞ የመጨረሻዋ መንጋጋ ጉንጯን አሳብጣ እንቅልፍ ነስታታለች። እናት ለምና ለምና ደከማት። «እዚያ ወንበር ላይ ከምቀመጥ ልሙት!» ነው መልሷ።

ማክሰኞ ዕለት ሐኪሙ የራሱን የልጅ ልጅ አመጣ። እትዬ ካቴና እንደ ልማዷ እጅጌዋን ሰብስባ ቀረበች። «ተይው፣ አያስፈልግም» አላት። ከተቆለፈ መሳቢያ ብልቃጥ አውጥቶ ለልጁ ሽሮፕ አጠጣው። ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። የልብ ምት የሚቆጥር መቆንጠጫ ጣቱ ላይ ሰክቶ፣ ቁጥሩን እንድትከታተል እሷን አጠገቡ አቆማት። ከዚያ ድዱን አደነዘዘ። ጉድ እኮ ነው! ልጁ አልተኛም። ዓይኑ ክድን ክድን ይላል እንጂ «አፍህን ክፈት» ሲሉት ይከፍታል፣ ስለ ድመቱም ያወራል። ጥርሱ ወጥቶ ካለቀ በኋላ «መቼ ነው የምትነቅሉልኝ?» ብሎ ጠየቀ።

«ዶክተር፣ ይሄ አዲስ መድኃኒት ግሩም ነው!» አለች ደስ ብሏት። ልጇ ናት ትዝ ያለቻት።

«ምን አዲስ አለው? ሌላም ክሊኒክ ሞልቷል፤ እዚህ እንኳ ከገባ አስራ አምስት ዓመት አልፎታል።»

ክው አለች። «ታዲያ... የኔ ልጅስ?»

«ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል፤ ሰልፉን ታውቂው የለ? ደግሞ አንቺ እያለሽ ምን ያደርግልናል!» አለ እየሳቀ። ማመስገኑ ነበር።

ይህን ሁሉ ዓመት አምናው ስታገለግለው፣ የልጇን ልብ በገዛ እጇ አሳጣት! ጋዋኗን ወንበሩ ላይ ጥላ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ልጅቷ ጉንጯን በሻርፕ አስራ ወጥ ቤት ቁጭ ብላለች። እናት እንደቆመች ሁሉንም ዘረገፈችው፤ መድኃኒቱ ሌላም ክሊኒክ እንደሚገኝ፣ ነቅታ ግን ሳትፈራ እንደምትገላገል፣ ሐኪሙም ይህን ሁሉ ዓመት እንደደበቃቸው። «ከዳን ልጄ! መድኃኒቱ እያለ ከዳን!»

ልጅቷ ሻርፑን ከጉንጯ ፈታች። «እሺ፣ እሄዳለሁ» አለች በመጨረሻ። እናት እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«ብቻዬን ነው የምሄደው» አለች ልጅቷ። «ደግሞ ከዳን አትበይኝ እማዬ። እሱን መች አውቀዋለሁ? ስጮህ የጠራሁት አንቺን ነው።»