በእናቴ የማልኩበት ፈተና

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። ለእሳቸው ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ልጆቼን መቆጣቴን እናዘዛለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ምክንያቱም የእኔና የሥራ ባልደረባዬ የሮማን የንስሐ አባት አንድ ናቸው። ላስ ቬጋስ ለቁማርተኛ ሰፊ ከተማ ናት፤ ለእኛ ግን ጠባብ ናት። ስለዚህ እርስዎ፣ አንባቢዬ፣ ይስሙኝ። አያውቁኝም፣ አላውቅዎትም፤ ለእኔ ኃጢአት የሚሻለው ይኸው ነው።

የአእምሮ ሐኪም ነኝ። ሰው ሲዋሽ ከዓይኑ አውቃለሁ እያልኩ ስኮራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዶክተር ሮማንም የአእምሮ ሐኪም ናት፤ እኔ ተመርቄ ከወጣሁ ብዙ ቆይታ ነው ትምህርቱን የጀመረችው። ወደዚህ ከተማ ያመጣኋት እኔ ነኝ። በምሠራበት ሆስፒታል ቦታ ሲገኝ የመሰከርኩላት እኔ ነኝ፤ ማውንተንስ ኤጅ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኛ ቤት ጀርባ ያለው መንገድ ላይ ቤት የፈለግሁላትም እኔ ነኝ። መጀመሪያ «እርስዎ» ስትለኝ «ተይ እንጂ፣ አታስረጂኝ» ብዬ አንቱታውን አስጣልኳት። «ጋሼ» የሚለው ግን አልለቅ አላት፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ትንሽ እስከሆነች ድረስ እወዳት ነበር። ይህ ያኔ አልገባኝም።

ቅናቱ የገባው በአንዲት በሽተኛ በኩል ነው። ስሟን አልጠራም። ካዚኖ ውስጥ ካርድ የምታድል ያገራችን ልጅ ናት፤ እንቅልፍ አጥታ፣ ምግብ እምቢ ብሏት መጣች። ወራት ሙሉ ፊቴ ተቀምጣ «ደህና ነኝ ዶክተር» ከማለት በቀር ምንም አልወጣትም። መድኃኒት ለወጥኩ፣ መጠን ጨመርኩ፣ ምንም። ዕረፍት ወጥቼ ሮማን በእኔ ፋንታ አየቻት። ስመለስ ነርሷ እንደነገረችኝ፣ ልጅቱ ያን ቀን ከክፍሉ የወጣችው ዓይኗ በለቅሶ አብጦ፣ ፊቷ ግን ተፈትቶ ነው። ከዚያ ቀጠሮዋን ወደ ሮማን አዞረች። ምን ብላት ይሆን? በጨዋታ መልክ ጠየቅኋት።

«ምንም እኮ አላልኳትም ጋሼ። ሺፍትሽ ስንት ሰዓት ያልቃል፣ ቤትስ ማን ይጠብቅሻል ነው ያልኳት» አለችኝ።

የሚጠብቃት ሰው አልነበረም። ይህችን ጥያቄ እኔ ለምን አልጠየቅሁም? ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ምን ልሆን ነው?

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት ተወ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ሰው እኔን «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር» ብሎ አልፎ እሷን ከቦ ይቆማል። በዚያ ፀሐይ! ታክሲ ነጂው፣ የሆቴል ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ከዘራ የያዘው ሽማግሌ ሁሉ መኪናዋ ጥላ ሥር ወረፋ ይይዛል። እኔ ነኝ ያመጣኋት፣ እኔ ነኝ ያስተዋወቅኋት፣ እኔ ነኝ ዳር ቆሜ ቁልፌን የማሽከረክረው። ቀናሁ። ለበሽተኞቼ ረጅም ረጅም ስም መስጠት እችልበታለሁ፤ ለራሴ ግን ከዚህ ሌላ ስም የለኝም።

አሁን ስለ ቦርድ ልንገርዎ። በዚህ አገር ለሐኪም የሥራ ፈቃዱ ሌላ ነው፤ ቦርድ የምንለው የስፔሻሊስትነት ማረጋገጫ ደግሞ ሌላ። ይህ ማረጋገጫ በየጊዜው ይታደሳል፤ ፈተና ይቀመጡለታል፣ ይከፍሉለታል፣ ሰዓት ይሞሉለታል። ዕድሜዬን ሙሉ አዋቂ ብቻ ሳክም ኖሬ፣ በዓይኔ አይቼው ስለማላውቅ የሕፃናት ሕመም ይጠይቁኛል። ከእኛ በፊት ያለፉት አንዴ ተፈትነው የዕድሜ ልክ ተሰጥቷቸዋል፤ እነሱን የሚነካ የለም። ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ሳይ ውዬ፣ ከኢንሹራንስ ሰዎች ጋር ተጨቃጭቄ፣ ደግሞ እንደ ተማሪ ኪሴን ተፈትሼ ልፈተን? ንዴቴ የእውነት ነበር። ይህን ይመኑኝ። ውሸቴን የተከልኩት እውነት ላይ ነው፣ ለዚህ ነው የጸናው።

የእኔና የሮማን ማረጋገጫ የሚያበቃው በአንድ ወቅት ነበር። በሁዳዴ አንድ ቀን ከሌሎች ሁለት ያገራችን ሐኪሞች ጋር ሽሮ ስንበላ ይኸው ነገር ተነሣ። ሁሉም አማረረ። እኔ ሞቅ ብሎኝ «አንዴ የተካነ ቄስ በየአሥር ዓመቱ እንደገና ይካናል እንዴ?» አልኩ። ሁለቱ ገና ጊዜ ስለነበራቸው ሳቁና ተዉት። ሮማን ግን እጇን ከትሪው መልሳ አየችኝ።

«የምርህን ነው ጋሼ? ሪኒው አናደርግም?»

«አናደርግም! በሕግ ግዴታ አይደለም። አንድ ሰው እምቢ ማለት መጀመር አለበት። እናቴ ትሙት አልፈተንም!»

ሮማን እናቴን ታውቃታለች፤ አገር ቤት ስትሄድ ደብረ ብርሃን ቤታችን አድራ፣ በርበሬ ተሸክማልኝ መጥታለች። እኔ በእናቴ ከማልኩ ለእሷ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። «እንግዲያው አብረን ነን» አለች።

ስምል ዋሽቼ ነበር? አልነበረም። በዚያች ማዕድ ላይ ከልቤ ነው። ግን ብዙም ሳይቆይ፣ የሐኪሞችን ማስረጃ በሚያየው የሆስፒታሉ ኮሚቴ በአባልነት ተቀምጬ፣ ማረጋገጫውን ያላደሰ ሐኪም ከእንግዲህ እንደማይቀጥል ሰማሁ። ለሌሎቹ ገና አልተገለጸም። ከስብሰባው ስወጣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው፤ ይህ የሰው ወግ ነው። ቀጥዬ ያሰብኩት ስለ ሮማን ነው። እሷ ካላወቀች፣ አልኩ ለራሴ። እሷ ካላወቀች። የቀረውን አልጨረስኩትም፣ ግን ገብቶኛል።

ተመዘገብኩ። እንዳታየኝ ብዬ ከከተማው ዳር «አንተም» እስከሚባለው ኮረብታማ ሰፈር ድረስ እየነዳሁ፣ ፓርክ አድርጌ መኪና ውስጥ አጠና ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ መጽሐፉ ጭኔ ላይ እንዳለ ሮማን ደወለች።

«ጋሼ፣ ከቦርድ ሪማይንደር መጣብኝ። ዴድላይኑ ደርሷል አሉ። ትንሽ ፈራሁ መሰለኝ፤ ሬጂስተር ላድርግ እንዴ?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «አድርጊ።» ስለ ራሴ መናገር ባፍር እንኳ፣ «አድርጊ» ብቻ። እኔ ግን ካርድ አዳይዋ ትዝ አለችኝ፤ የእሑዱ ወረፋ ትዝ አለኝ።

«ምን ነካሽ? በእናቴ ምዬ የማጥፍ ሰው እመስልሻለሁ?» አልኳት።

«ውይ፣ ይቅርታ ጋሼ። አንተን ጠርጥሬ አይደለም» ብላ ዘጋች። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። እኔ ንባቤን ካቆምኩበት ቀጠልኩ።

አለፍኩ። የሆስፒታሉ ውሳኔ ሲገለጽ የእሷ ቀን አልፎ ነበር፤ የእኔን ማደስም ያኔ ሰማች። ቢሮዬ በር ላይ ቆማ አንድ አፍታ አየችኝና «እንኳን ደስ አለህ ጋሼ» ብላ ሄደች። አሽሙር ቢሆን በወደድኩ። አሽሙር አልነበረም።

እንደገና እስክትፈተን ቦታዋ በሌላ ሰው ተያዘ። ዛሬ ኖርዝ ላስ ቬጋስ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ትሠራለች። እዚያ በሽተኛ ይገባል፣ መድኃኒት ይታዘዝለታል፣ ይወጣል፤ ማን ይጠብቅሻል ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ አይሰጧትም። ከበሽተኞቿ ብዙዎቹ ወደ እኔ መጡ። ካርድ አዳይዋም ተመልሳ መጣች። የሮማንን ጥያቄ ቃል በቃል ጠየቅኋት። «ደህና ነኝ ዶክተር» አለችኝ። ከዚያ መምጣት ተወች፤ የት እንዳለች አላውቅም።

መሐላዬን ማፍረሴን ሰው ሰምቷል። አንዳንዱ ሲያማኝ ሮማን «ልጆች አሉት፣ ፈርቶ ነው፤ ማን አይፈራም?» ብላ እንደተሟገተችልኝ ባለቤቴ ነገረችኝ። ማመስገን ሲገባኝ ተናደድኩ። በደግነትም በለጠችኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ብከፍት ሮማን ከፊት ቆማለች፤ ከኋላዋ የንስሐ አባታችንና የማውቃቸው ሰዎች አንገታቸውን ደፍተዋል። ክው አልኩ። ተነቃብኝ፣ ቄሱን ይዛ ልታጋልጠኝ መጣች አልኩ። «ሮማን፣ እኔ እኮ...» ብዬ ስጀምር እጄን ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ ገባ ብለን እንቀመጥ።»

መርዶ ነበር። እናቴ አርፋ፣ ሰው ተመካክሮ እንድትነግረኝ የመረጠው ሮማንን ነው። ሌላ ማንን ይምረጥ?

ፍራሹ ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። ለቅሶው በረድ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የምታስበውን አውቃለሁ» አለችኝ። «እማማ ዕድሜ ጠግበው ነው ያረፉት። ያ መሐላ አልገደላቸውም ጋሼ። ፈርተህ ነው ያደረግኸው፣ እኔም ድሮ ትቼዋለሁ።»

ተንሰቀሰቅሁ። ለቀስተኛው ሁሉ ለእናቴ መሰለው። ካርድ አዳይዋ ያን ቀን እንዴት እንዳለቀሰች ያኔ ገባኝ። ደግሞም፣ እግዜር ያሳይዎ፣ በዚያ እንባ መካከል፣ በገዛ እናቴ ለቅሶ ላይ፣ «አሁንም ቻለችበት» ብዬ ቀናሁ።

ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም፤ የበደልኩት እርስዎን አይደለም። ሮማን ይቅር ያለችው አንድ የፈራ ሰውዬን ነው፤ እኔ ያ ሰውዬ አይደለሁም። ስትደውልልኝ አልፈራሁም። የሚመጣባትን አውቄ፣ መጽሐፉን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ቀንቼ ነው ያታለልኳት። ይህን ከእኔ አፍ ካልሰማች ይቅርታዋ የእኔ አይደለም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናዋ ጥላ ሥር ወረፋ ያዝኩ። ከፊቴ የነበሩት ሽማግሌ «ዶክተር፣ እርስዎ ይቅደሙ እንጂ» አሉኝ። ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ወጥቼ ሄድኩ።