ፈረሰኛው ለምን ሄደ?

ሄስተር ዊዶውሰን ዕድሜዋን ሙሉ በከተማችን በሉድሎ ፖስታ ቤት ቴምብር ስትሸጥ ኖራ ጡረታ ወጣች። የኛ ከተማ ጡረተኛ አትክልት ይኮተኩታል፤ እሷ ግን የማታ ትምህርት ገብታ የዛሬ ሰባት መቶ ዓመት ይነገር የነበረውን እንግሊዝኛ ተማረች። ያ ቋንቋ ለእኛ ለእንግሊዞቹም ግራ ነው፤ እኔ አንድ ገጽ ገልጬ ባይ ራሴን አመመኝ። ሄስተር የጥንቱን ተረት በዛሬ አነጋገራችን እየጻፈች ሐሙስ ሐሙስ በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ታነብልናለች። ሻይና ብስኩት ስላለ አንዳንዱ የሚመጣው ለብስኩቱ ነው።

ሰሞኑን የያዘችው ስለ አንድ ፈረሰኛ ነው። ከጦርነት ተመልሶ እናቱ ቤት ተቀምጧል። አንድ ቀን ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ ፈረሱን ጭኖ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ታሪኩ እሱን ተከትሎ ይነጉዳል፤ እናቲቱን ዞር ብሎ የሚያያት የለም።

"ቆይ ቆይ" አለ ክላይቭ፣ ድሮ ሥጋ ቤት የነበረው። "ለምንድነው የሄደው?"

"አይልም።"

"እንዴት አይልም? ተጣሉ? ሴት ወደደ?"

"የጥንት ተራኪዎች እንደዚህ ናቸው። ሄደ ካሉ ሄደ ነው።"

"ታዲያ ምኑን ለዛሬ ሰው አመቻቸሽው? የዛሬ ሰው ምክንያት ይፈልጋል! ለሚቀጥለው ሐሙስ ይዘሽ ነይ፣ አለዚያ ብስኩቴን በልቼ እወጣለሁ።"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሄስተር ግን ወረቀቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ማክሰኞ ቤቷ ጎራ ስል ጠረጴዛው ወረቀት በወረቀት ሆኗል። "ግሌኒስ፣ ግራ ገባኝ እኮ" አለችኝ። አንዱ ወረቀት ላይ እናት ልጇን ሰድባዋለች። ሌላው ላይ አላላውስ ብላዋለች። ሌላው ላይ ደግሞ ሾርባው ቀዝቅዞበት ነው።

"ምነው ጥፋቱ ሁሉ የእናቲቱ ሆነ?" አልኳት።

"የማን ይሁን ታዲያ? ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።"

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ፤ ደግሞም አልገባኝም። የራሷ የሄስተር ልጅ አድሪያን በሃያ ሁለት ዓመቱ አንድ ጠዋት ከቤት ወጥቶ ቀረ። ፖሊስ ፈልጎ አገኘው፤ ደህና ነው፣ ግን ያለበት እንዲነገርሽ አይፈልግም አሏት። እንግዲህ የምንመክረው ስለ ፈረሰኛው ነው ወይስ ስለ አድሪያን? መላው ጠፋብኝ። "ዝም ብለሽ አንዱን ምረጪ" ብያት ወጣሁ፤ ይህም ምክር ተብሎ!

ሐሙስ አዳራሹ ጢም አለ። ሄስተር መነጽሯን አድርጋ ማንበብ ጀመረች፤ እዚያ ቦታ ደረሰች።

"ቁርሱን በላ፤ ፈረሱን ጫነ፤ ሄደ" ብላ ገጹን ገለበጠች። ምንም አልጨመረችም።

"አንቺ!" አለ ክላይቭ፣ "ምክንያቱስ?"

"ብዙ ጻፍኩ። ሁሉም ውሸት ሆነብኝ።"

"ኧረ ተይ! ሌላው ቢቀር እናትየው ሳታውቅ ትቀራለች?"

ሄስተር መነጽሯን አወለቀች።

"አታውቅም፣ ክላይቭ" አለች። "ቁርስ ሠራሁለት፤ እንቁላሉን ሁለት አድርጊልኝ አለኝ። ሌላ ምንም አልነገረኝም።"